ከአርባው ምንጭ በላይ፦ በክረምት በእግር የወጣነው ተራራና የደኑ ታሪክ

ሲቀላ የኖረ ሰው ውሎ አድሮ ተራራውን ማየት ይተዋል። በየቀኑ ፊት ለፊቱ ስለሚቆም ዓይኑ ይለምደዋል። በምሥራቅ አባያ ቡናማ መልኩን ይዞ ተንጣሎ ይታያል፤ በምዕራብ የጋሞ ተራሮች ግድግዳ ሠርተው ቆመዋል። እኛ ተማሪዎች መሐል ላይ ሆነን ሙቀቱን እናማርር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከግቢ ወጥተን ሲቀላ ስንደርስ ወሬያችን ስለ ዓሣ፣ ስለ ፈተናና ስለ ባዶ ኪሳችን ነበር። ስለ ተራራው ያነሳ ሰው ትዝ አይለኝም።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ተማሪነት ዘመናችን አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ስለ ግቢው ልጽፍ አስቤ ነበር። ግን የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መስከረም 1979 ዓ.ም. እንደተቋቋመ፣ ሰኔ 1996 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የግቢውን ታሪክ ከእኔ የተሻለ የሚጽፉት መምህራን አሉ። ስለዚህ ከግቢው በላይ ስላለው ታሪክ ልጻፍ፤ ማለትም አራት ዓመት ሙሉ ስንጠጣው ስለኖርነው ውኃና ስለ ጠባቂዎቹ።

ሰማዩ የት ነው የሚዘንበው?

ነገሩ የተጀመረው በ1986 ክረምት ነው። አብዛኛው ተማሪ ወደየቤቱ ሄዶ ግቢው ጭር ብሏል። እኛ አራት ልጆች በልዩ ልዩ ምክንያት ቀርተናል። ከሰሜን ለመጣ ሰው የአርባ ምንጭ ክረምት ግራ ያጋባል። ሐምሌና ነሐሴ ሲባል ጎርፍና ጭቃ እንጠብቃለን፤ አርባ ምንጭ ላይ ግን ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይመጣል። በሐምሌ ሲቀላ ላይ አቧራ እየጠረግን ቀና ስንል፣ ተራራው ግማሽ አካሉን በጉም ሸፍኖ ይታየናል። ክረምቱ እላይ ነበር።

ከመምህራኖቻችን አንዱ በክፍል ውስጥ የጠየቁን ጥያቄ ነበር። «እዚህ ታች ያለው ዝናብ እነዚህን ምንጮች ዓመቱን ሙሉ ሊያፈስሳቸው ይችላል?» አሉን። እንደ ተማሪ በቁጥር መለስን፤ ዝናብ፣ ትነት፣ ስርገት እያልን ሰሌዳውን ሞላነው። እሳቸው ሰሌዳውን አይተው፣ «ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ ሄዳችሁ እዩት» አሉ። ከአራታችን አንዱ የዶርዜ ልጅ ነበር። «እናቴ ቤት እናድራለን» አለ። በቃ፣ ጉዞው ተቆረጠ።

ታች ያለው ደን

ከመውጣታችን በፊት በነበረው ቀን ምንጮቹን ለማየት ወደ ደኑ ወረድን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከእነዚህ ምንጮች ነው። አርባ ናቸው ወይ ብሎ የቆጠረ ይኖራል፤ እኛ ግን ቆጠራውን ሳንጨርስ ተውነው። ከሸቻ ገደል ሥር፣ ከድንጋይና ከሥር መሐል ኩልል ያለ ውኃ ይፈልቃል። በዙሪያው ሾላው፣ ዋንዛውና ሌላው ግዙፍ ዛፍ ጥላውን ዘርግቶ፣ ጉሬዛውና ዝንጀሮው ከላይ ይንጫጫል።

ይህ ደን የቆመው በዝናብ ብቻ አይደለም። የዝናቡ መጠን እንዲህ ያለ ለምለም ደን ለማብቀል አይበቃም። ዛፎቹ ሥራቸውን የሰደዱት ለመሬቱ ወለል በጣም ከቀረበ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ነው። ውኃው ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከላይ፣ ከጋሞ ደጋ ነው። እዚያ የዘነበው ሰርጎ፣ በስምጥ ሸለቆው የተሰነጠቀ ዓለት ውስጥ አልፎ እዚህ ይወጣል። ስለዚህ ታች ያለው ደን ከላይ ባለው መሬት ደግነት የሚኖር ነው።

ደኑ በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል። ፓርኩ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። አባያንና ጫሞን የሚለየው የእግዜር ድልድይም እዚያው ነው። ከምንጮቹ ማዶ ያለው ሜዳ በዓለም የወፍ አጥኚዎች ዘንድ የታወቀ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር የመጣ የጥናት ቡድን መንገድ ላይ መኪና የገጨው ወፍ አንድ ክንፍ አገኘ። ያ ክንፍ ከማንም ከሚታወቅ ወፍ ጋር አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ነው ተብሎ ተሰየመ፤ ሳይንሳዊ ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። እኛ ያን ጊዜ እዚያው አጠገብ እየተማርን ወሬውን አልሰማንም ነበር።

የሰማነውና ያየነው ሌላ ነው። ከደኑ በሚወጣው መንገድ ላይ እናቶች ወገባቸው እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክመው ወደ ሲቀላ ይመጣሉ። ያ እንጨት የሻይ ቤቱን ሻይ አፍልቷል፤ የእኛን እንጀራ ጋግሯል። ስለዚህ «ደኑን ማን ጨረሰው?» ስንል ጣታችንን ወደ እናቶቹ ብቻ መቀሰር አንችልም።

ታሪክ ወደ ታች ሲወርድ

በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ከዋናው የአዲስ አበባ መንገድ ወደ ግራ ተገንጥሎ ወደ ጨንቻ የሚወጣ የመኪና መንገድ አለ፤ ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ግን የገበያተኛውን የእግር አቋራጭ ያዝን። ከ1,300 ሜትር ግድም ከፍታ ተነስተን ወደ 2,700 ሜትር ነው የምንወጣው። ይህን ያወቅነው ከካርታ ነበር፤ ጉልበታችን የገባው ግን ከቀትር በኋላ ነው።

የዶርዜው ልጅ እየሄደ፣ «እናንተ ወደ ላይ ትወጣላችሁ እንጂ ታሪክ የሄደው ወደ ታች ነው» አለን። እውነቱን ነው። የጋሞ ሕዝብ ጥንተ መኖሪያው ደጋው ነው። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ዲታ፣ ቦንኬ፣ ቦሮዳና ሌሎችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ «ደሬ» ነበሩ። ካዎ አላቸው፤ በሕዝብ የሚሾም ሀላቃ አላቸው፤ ጉዳይ የሚመከርበት ዱቡሻ የተባለ አደባባይ አላቸው። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ ይፈሩት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ የመጣው አስተዳደርም የተቀመጠው እዚያው ደጋ ላይ ነው፤ ጨንቻ ለረጅም ጊዜ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች። አርባ ምንጭ ተቆርቁራ መቀመጫው ወደ ታች የወረደው በ1950ዎቹ ነው። ቢሮው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ነጋዴው ተከትሎ ወረደ። በመጨረሻ እኛ መጣን።

እና ከተማዋ ከደጋው ይልቅ በዕድሜ ትንሽ ናት። ግን ደጋውን እንደ ጓሮዋ ነው የምታየው፤ ሙዝ ከቆላ፣ ፖምና ቀርከሃ ከደጋ። ጨንቻን በፖም የምናውቃት ሰዎች፣ ከፖሙ በፊት ስላለው ሕግ አንጠይቅም።

ዳገቱ

ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ ተቀበለን። መጀመሪያ እንደ ጭስ ስስ ነበር፤ ቀጥሎ ከፊታችን የሚሄደውን ልጅ ጀርባ ብቻ አስቀረልን። ዝናቡ በጠብታ አልነበረም የሚወርደው፤ አየሩ ራሱ ርጥብ ነበር። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እኛ አራት እግር ሆነን ስንንፏቀቅ፣ ሸክም ያዘሉ ሴቶች በባዶ እግራቸው እየሳቁብን አለፉ። አንዷ በጋሞኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ የዶርዜው ልጅ ሳቀ እንጂ አልተረጎመልንም።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ እንሰቱ መካከል ገባን። ከዚያ ቤቶቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። የዶርዜን ቤት ያላየ የለም፤ ከቀርከሃ ተሸምኖ በእንሰት ቅጠልና ኮባ የሚከደን፣ ከፊት ሲያዩት የዝሆን ፊት የሚመስል ነው። ሲሠራ ከፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ምክንያቱም ሥሩን ምስጥ ይበላዋል። በተበላ ቁጥር ሥሩ ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ መገመት ይቻላል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ያዛውረዋል።

ማታ እሳት ዳር ቆጮና ዳጣ ቀረበልን። የጓደኛችን እናት ልብሳችንን እሳት ላይ እያደረቁ፣ «ልጆቼ፣ በዚህ ክረምት ምን ፈልጋችሁ ነው?» አሉን። «ውኃ የት እንደሚጀምር ልናይ» አልን። እሳቸውም በሩን አሳዩን። ውጭ እየዘነበ ነበር።

ያኔ የሰማሁት አንድ ወግ ነበረ፤ ነብር ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ። በኋላ ዳን ስፐርበር የተባለው ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት ዶርዜ ኖሮ ይህንኑ ነገር ጽፎ በዓለም እንዳስነበበው አወቅኩ። ስፐርበርን የገረመው፣ ነብር ይጾማል የሚለው ዶርዜ ረቡዕና ዓርብም ከብቱን ከመጠበቅ አለማቋረጡ ነው። ከእሱ ሌላ ማርክ አበለስ ስለ ኦቾሎ ጉባኤ፣ ዣክ ቡሮ ስለ ጋሞ፣ ጁዲት ኦልምስቴድ ስለ አንዲት የጋሞ ሴት መሪ፣ ዲና ፍሪማን ስለ ዶኮ ጽፈዋል። ፈረንሳይ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ከእኛ ቀድመው ዳገቱን ወጥተዋል ማለት ነው፤ እኛ ግቢያችን ከተራራው ሥር ሆኖ ሳለ።

ዱላው

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። በማግስቱ ከጨንቻ ወዲህ ካለ ኮረብታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ትንሽ ደን አየን። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ እንደ ደሴት ቆሟል። ጭቃው ስላስቸገረኝ ገባሁና ለዱላ የሚሆን ቅርንጫፍ ሰበርኩ። ድምፁን የሰማ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። አልጮኹም። በጓደኛችን አስተርጓሚነት፣ «ከየት ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ምን ትማራለህ?» አሉ። «ውኃ» አልኩ።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ቅርንጫፉን መልሼ ከዛፉ ሥር እንዳስቀምጠው ነገሩኝ። አስቀመጥኩ። በዚያ ደን ውስጥ የወደቀ እንጨት እንኳ ለማገዶ አይለቀምም። የአባቶች መቃብር ያለበት፣ መሥዋዕት የሚደረግበት፣ ለአገር ደኅንነት የሚለመንበት ስፍራ ነው። ያን ሕግ የጣሰ «ጎሜ» አለበት፤ ጎሜ ደግሞ ጣሹ ላይ ብቻ አይቀርም። በሽታ፣ የዝናብ መጥፋት፣ የከብት ሞት ሆኖ ጎረቤት ላይም ይደርሳል። ስለዚህ የአንዱ ጥፋት የሁሉም ጉዳይ ነው፤ አጥፊውም ባደባባይ ተናግሮ ይታረቃል።

እኔ ያን ቀን በሆዴ ሳቅሁ። ተማሪ ነበርኩ፤ ሳይንስ አለኝ፤ ቅርንጫፍ በመስበር ዝናብ አይቀርም። ደግሞም አይቀርም። ግን ከቁልቁለቱ ስር ስንወርድ ከዚያች ደሴት ከምታክል ደን ግርጌ ትንሽ ምንጭ አየን። ሴቶች ይቀዳሉ። የዶርዜው ልጅ ምንም አልተናገረም፤ ቆሞ ጠበቀኝ።

ደኑን ምን ነካው?

እነዚህ ደኖች በጋሞ ደጋ በብዙ ቁጥር ነበሩ፤ ዛሬም ያሉ አሉ። ግን ብዙዎቹ ተመናምነዋል፣ ጠፍተዋልም። ምክንያቱን በአንድ ወገን መጣል ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ድርብርብ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ መሬት የሕዝብ ሆነ። ለገባሩ ትልቅ ነፃነት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ደኑን ይጠብቅ የነበረው የባህል ሹመት ሥልጣኑን አጣ። የእድገት በኅብረት ዘማቾችና ከዚያ በኋላ የመጡ ካድሬዎች በደቡቡ አገር የአባቶችን ሥርዓት ኋላ ቀር ሲሉ አጥላሉ። እኔ ያኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ዘማቾቹን እንደ ጀግና ነው ያየኋቸው። ቀጥሎ ሃይማኖት ተለወጠ። የአባቶቹን አምልኮ የተወ ሰው አምልኮው የነበረበትን ደን የሚፈራበት ምክንያት አጣ። በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያሉ ዛፎች በራሳቸው ሥርዓት ተጠብቀው የቆዩበትም ቦታ አለ። ሕዝቡ በዛ፤ መሬቱ ግን አልሰፋም። የዶርዜ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ ድረስ የሄደው ጥበቡ ስላለው ብቻ ሳይሆን መሬቱ ስለጠበበውም ጭምር ነው። ቤት የቀረው የባሕር ዛፍ ተከለ፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ገንዘብ ያመጣል።

ስለዚህ አንድ ሕግ ጠፋ፤ በቦታው የመጣው ሕግ ደግሞ ወረቀት ላይ ቀረ። ታች ያለው ፓርክም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የአፍሪካ ፓርኮች የተባለ የውጭ ድርጅት አስተዳደሩን ተረክቦ በ2008 ጥሎ ወጥቷል። ጠባቂ ከውጭ ሲመጣ ከውጭ ይሄዳል።

እርጥብ ሣር

ሕጉ ጨርሶ ሞተ ብዬ አምኜ ነበር። መስከረም 2011 ግን አሳፈረኝ። በቡራዩ አካባቢ በደረሰው ግድያ ወገኖቻቸውን ያጡ የጋሞ ወጣቶች በአርባ ምንጭ በቁጣ ሲወጡ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቱ ሽማግሌውን ረግጦ ማለፍ አልቻለም። ተመለሰ። አገር ሁሉ ያንን ምስል አየ። እኔ ምስሉን ሳይ የታየኝ ግን ጋቢ የለበሱት የ1986ቱ ሽማግሌ ናቸው። ቅርንጫፍ አትስበር ያለው ሕግና ደም አታፍስስ ያለው ሕግ አንድ ምንጭ አላቸው፤ ያጠፋኸው ነገር ለብቻህ አይቀርም የሚል ነው። አንዱን ኋላ ቀር ብለን ጥለን ሌላውን ቅርስ ብለን ማሞገስ የምንችል አይመስለኝም።

የተከፈለ ዕዳ የለም

ከተመረቅሁ በኋላ በሌላ አካባቢ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ላይ ነበርኩ። ከምንጩ በላይ ያለውን ቁጥቋጦና ዛፍ ለግንባታና ለመንገድ መንጥረን ገባን። የመንደሩ አንድ አዛውንት ተቃወሙ። እኔ መሐንዲሱ በትሕትና አስረዳኋቸው፤ ማለትም አልሰማኋቸውም። ሲመረቅ ሪባን ተቆረጠ፣ ጭብጨባ ነበረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ሳልፍ ቦኖው በበጋ ይደርቅ ነበር። ምክንያቱ የኛ ምንጠራ ብቻ ነው ብዬ በሙያዬ አልምልም። ግን ጥፋት የለብኝም ብዬም አልምልም።

ደን ዝናብ አይሠራም የሚሉኝ የሙያ ባልደረቦች አሉ። ዛፍ ውኃ ይጠጣል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ በብዛት ይጠጣል። ትክክል ናቸው። ሆኖም ዳገት ላይ የወረደ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ አባያ ይግባ ወይስ ሰርጎ ምንጭ ይሁን የሚለውን የሚወስነው መሬቱ የለበሰው ነገር ነው። የአባያን ቡናማነት ከሲቀላ ሆነን ሁላችንም እናየዋለን። በሐምሌ 2016 በጎረቤታችን ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ የመጀመሪያውን አደጋ ለመርዳት የሮጡት ሳይቀሩ ተቀብረዋል። የክረምት ተራራ የፎቶ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ከዚያ ወዲያ የሚያስረዳን አያሻንም።

ባለፈው ክረምት ተመልሼ ወጣሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር። ጉሙ ያው ነው። ደኑ ግን ከማስታውሰው አንሷል፤ በአንድ ጎኑ ባሕር ዛፍ ገብቶበታል፤ መሐሉ ላይ ያሉት ትልልቅ ዝግባዎች ቆመዋል። ሽማግሌው አልፈዋል። አንድ ወጣት መጥቶ «ምን ፈለግህ?» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ጠያቂ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ለዘንድሮው መገናኛ የምትመጡ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። አዞ ገበያ ሂዱ፣ ዓሣም ብሉ፤ አንድ ቀን ግን ለተራራው ስጡ። ከአካባቢው ሰው ጋር ሂዱ፤ ወደ ደኑ ከመግባታችሁ በፊት አስፈቅዱ። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ስለ ስርገት ካስተማራችሁ በኋላ ሰሌዳውን ትታችሁ ይዛችኋቸው ውጡ። የምንጮቹን ፍሰት ከታች፣ የደኖቹን ስፋት ከላይ፣ በየዓመቱ የሚለካ የእኛው ተመራቂ ቢኖር ከሃያ ዓመት በኋላ በግምት ሳይሆን በመረጃ እንነጋገራለን። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ የሽማግሌዎቹ ቃል ይመዝገብ፤ እነሱ እያለፉ ነው።

ዱላ የሚያስፈልገው ካለ ከሲቀላ ገዝቶ ይምጣ።